ዳታክላስ (ፓይተን)

ዳታክላስ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ክላስ ሲጻፍ የሚደጋገመውን ኮድ የሚያስቀር መሣሪያ ነው። ኤሪክ ስሚዝ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፓይተን 3.7 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል።

ስምና ዋጋ የሚይዝ «ዕቃ» የተባለ ክላስ በተለመደው መንገድ ሲጻፍ፣ የእያንዳንዱ መስክ ስም በማስጀመሪያው ፈንክሽን ብቻ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። በዳታክላስ ግን ከክላሱ በላይ አንድ መስመር ዲኮሬተር ተጨምሮ መስኮቹ ከነዓይነታቸው ይዘረዘራሉ፤ ማስጀመሪያውን፣ የጽሑፍ መግለጫውንና የእኩልነት ማነጻጸሪያውን ፓይተን ራሱ ያዘጋጃል።

መሣሪያው የተጻፈውን ዓይነት አያረጋግጥም፤ ቁጥር በሚጠበቅበት የዋጋ መስክ ጽሑፍ ቢገባ ዝም ብሎ ይቀበላል። ባዶ ሊስት በመነሻ እሴትነት ሲሰጠው ግን ስሕተት ያሳያል፤ አለዚያ ሁሉም ኦብጀክቶች አንዱን ሊስት ይጋሩ ነበር።