ካሜራ በሰው እግር ሲራመድ

የሰው ልጅ ሲራመድ ዓለም በፊቱ አትናወጥም። እግሩ መሬት በረገጠ ቁጥር ራሱ ከፍ ዝቅ ቢልም ዓይኑና አንጎሉ ተባብረው መናወጡን ያርሙታልና ጎዳናው፣ ዛፉ፣ የሰው ፊት ሁሉ ረግቶ ይታየዋል። ካሜራ ግን ይህ ጸጋ የለውም። ባለሙያው ተሸክሞት ሲሄድ የእርምጃውን መናጥ፣ የትንፋሹን ውጣ ውረድ፣ የእጁን መንቀጥቀጥ አንዱንም ሳያስቀር መዝግቦ ለተመልካች ያቀርበዋል። በዚህም ምክንያት የፊልም ሠሪዎች ለብዙ ዓመታት ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ተገደው ኖረዋል፤ ወይ ካሜራውን በጋሪ ላይ ጭኖ የረጋ ምስል ማግኘት፣ ወይ በእጅ ይዞ እንደ ልብ መንቀሳቀስና መናወጡን መቀበል። ስቴዲካም የተባለው መሣሪያ የተፈለሰፈው ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት ነው።

ካሜራን ከቆመበት የማንቀሳቀሱ ጥረት ግን ከስቴዲካም እጅግ ይቀድማል። ጆቫኒ ፓስትሮኔ እ.ኤ.አ. በ1914 ለሕዝብ ባቀረበው «ካቢሪያ» በተባለው የኢጣሊያ ፊልም ካሜራውን በጋሪ ላይ አድርጎ በግዙፎቹ ትዕይንቶች መካከል ቀስ እያለ እንዲጓዝ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ጋሪና ሐዲድ የፊልም ሥራ የዘወትር መሣሪያዎች ሆኑ። ይሁን እንጂ ጋሪ የተስተካከለ ወለል ይፈልጋል፤ ደረጃ አይወጣም፤ ጭንጫ መሬት አይሻገርም፤ ሐዲዱም ራሱ በምስሉ ውስጥ እንዳይታይ መጠንቀቅን ይጠይቃል።

ካሜራን በሰው ገላ ላይ ማሰርም ቢሆን ቀደም ብሎ ተሞክሯል። ጀርመናዊው አዘጋጅ ሙርናው እ.ኤ.አ. በ1924 «የመጨረሻው ሰው» የተሰኘውን ፊልም ሲሠራ፣ የካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ ካሜራውን በደረቱ ላይ አስሮ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ቀርጿል። ሆኖም በዚያ ትዕይንት ገጸ ባሕርዩ የሰከረ ነበርና መናወጡ ራሱ ትርጉም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የሶቪየቱ አዘጋጅ ካላቶዞቭና የካሜራ ባለሙያው ኡሩሴቭስኪ «እኔ ኩባ ነኝ» በሚለው ፊልማቸው ካሜራውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ፣ በሽቦ ገመድ ላይ እያንጠለጠሉ ከቀብር ሰልፍ በላይ በአየር ላይ አሳልፈውታል። ውጤቱ አስደናቂ ቢሆንም ለአንድ ትዕይንት የብዙ እጆችን ቅንጅትና የረጅም ጊዜ ዝግጅትን የሚጠይቅ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1942 የተወለደው የፊላዴልፊያው ሰው ጋሬት ብራውን ነው። ብራውን በመጀመሪያ የባሕላዊ ዘፈን አቀንቃኝ፣ ቀጥሎም የመኪና ሻጭ፣ ኋላም የማስታወቂያ ፊልሞች ሠሪ ነበር። ለሥራው የገዛው አሮጌ የካሜራ ጋሪ 360 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበርና ጥቂት ኪሎዎች የሚመዝን ካሜራን ለማንቀሳቀስ ይህን ሁሉ ብረት መግፋት አስመረረው። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የደረሰበት መሣሪያ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች ያሉት ነው።

የመጀመሪያው ባለሙያው የሚለብሰው ጠንካራ ሰደርያ ነው። አንቀልባ የሕፃኑን ክብደት በእናቱ ጀርባና ወገብ ላይ እንደሚያሳርፍ፣ ሰደርያውም የካሜራውን ሸክም ከክንድ ላይ አንሥቶ ወደ ትከሻ፣ ጀርባና ወገብ ያከፋፍለዋል። ሁለተኛው ከሰደርያው ጋር የሚያያዝ ባለ ሞላ ክንድ ነው፤ እንደ ሰው ክንድ ከክርን በላይና በታች ሁለት ክፍል ኖሮት በእርምጃ ጊዜ የሚፈጠረውን ከፍታና ዝቅታ ይውጠዋል። ሦስተኛው ካሜራውን የሚሸከመው ቋሚ ዘንግ ነው። ከላይ ካሜራው፣ ከታች ባትሪውና ባለሙያው ምስሉን የሚከታተልበት ትንሽ የቴሌቪዥን መስኮት ይቀመጡበታል። አንድን ክብደት ከፋፍለው ካራራቁት በቀላሉ አይወዛወዝም፤ በገመድ ላይ የሚሄድ የሰርከስ ሰው ረጅም ዘንግ መያዙም ለዚሁ ነው። ዘንጉን ከክንዱ ጋር የሚያገናኘው በየአቅጣጫው የሚዞር መጋጠሚያ የሚገኘው በክብደቱ ማዕከል አጠገብ በመሆኑ ባለሙያው ካሜራውን የሚመራው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነው።

ብራውን የመሣሪያውን ምስጢር ሳይገልጥ ችሎታውን የሚያሳይ አጭር ፊልም አዘጋጀ። በፊልሙ ውስጥ የኋላ ባለቤቱ በፊላዴልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረጃዎች ላይ ስትሮጥ ትታያለች። ስታንሊ ኩብሪክ ይህን ፊልም ተመልክቶ ካደነቀ በኋላ፣ መሬት ላይ ያረፈው ጥላ የመሣሪያውን ምስጢር ሊያወጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ጆን አቪልድሰን ደግሞ ደረጃዎቹን አይቶ የት እንደሚገኙ ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ሮኪ» ውስጥ ቦክሰኛው 72ቱን ደረጃዎች ሲወጣ የሚታየው ትዕይንት ከዚህ የመጣ ነው።

መሣሪያው በትልቅ ፊልም ሥራ ላይ መጀመሪያ የዋለው ግን በሃል አሽቢ «ባውንድ ፎር ግሎሪ» ነበር። ብራውን ካሜራውን ለብሶ በረጅም ማንሻ ጫፍ ላይ ቆመ፤ ማንሻው ወደ መሬት ሲያወርደው ሳያቋርጥ ወርዶ በስደተኛ ሠራተኞች ሰፈር በሕዝቡ መካከል ተራመደ። በዚህ ፊልም ሃስኬል ዌክስለር የሲኒማቶግራፊ ኦስካር ሲሸለም፣ ብራውንና ሲኒማ ፕሮዳክትስ የተባለው አምራች ድርጅት መሐንዲሶችም እ.ኤ.አ. በ1978 ለፈጠራው ኦስካር ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ዋናው ጥያቄ ካሜራው መሄድ መቻሉ ሳይሆን ለምን እንደሚሄድ ሆነ። ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 ባቀረበው «ዘ ሻይኒንግ» ሌንሱን ወደ ወለሉ አስጠግቶ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት የሚነዳውን ሕፃን በባዶው ሆቴል መተላለፊያዎች አስከተለው። ተመልካቹ ከልጁ ኋላ የማይታይ አንድ ነገር እንዳለ የሚሰማው ካሜራው እጅግ የረጋ በመሆኑ ነው። ማርቲን ስኮርሴሲ በ1990 በወጣው «ጉድፌላስ» ወጣቱ ወንበዴ ፍቅረኛውን በጓሮ በር፣ በወጥ ቤት በኩል ወደ ምሽት ክበቡ ሲያስገባት ካሜራው ሳይቋረጥ ይከተላቸዋል። በር ሁሉ ሲከፈትላቸው ልጅቷ በምን እንደ ተማረከች ተመልካቹ ያለ ንግግር ይረዳል።

ምስሉ ቀላል ቢመስልም ሸክሙ የሰው ነው። አሌክሳንደር ሶኩሮቭ «የሩሲያ ታቦት» የተሰኘውን ፊልም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ሲቀርጽ፣ ቲልማን ብዩትነር ካሜራውን ለብሶ ከ90 ደቂቃ በላይ አንዴም ሳያቋርጥ በ33 ክፍሎች ውስጥ ተጓዘ። ቀደም ያሉት ሦስት ሙከራዎች ተበላሽተው ነበርና የቀረው ዕድል አንድ ብቻ ነበር። በመላው ሥራ ላይ የወገቡ ጽናትና የእግሩ ጥንቃቄ ከአዘጋጁ ሐሳብ እኩል ወሳኝ ነበር። የእንዲህ ያለውን ባለሙያ ስም ግን ከአዳራሹ የሚወጣው ተመልካች እምብዛም አያስታውስም።

ከ2013 ወዲህ በሞተርና በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የሚሠሩ ቀላል የእጅ መያዣዎች ተስፋፍተዋል። እነዚህ የካሜራውን መዞርና ማዘንበል ያርማሉ፤ የእርምጃን ከፍታና ዝቅታ ግን ብቻቸውን አያጠፉም። ስለሆነም ባለ ሞላው ክንድና ሰደርያው ዛሬም ከሥራ አልወጡም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛውም ሞተር መቼ መፍጠን፣ መቼ መዘግየት፣ በማን ፊት ቆም ማለት እንደሚገባ አይወስንም። የስቴዲካም ታላቅነት የሰውን መንቀጥቀጥ ከምስሉ አስወግዶ ሰውየውን ግን በቦታው መተዉ ላይ ነው። ካሜራውን ዛሬም ወደ ፊት የሚያራምደው የሚያስተውል፣ የሚጠነቀቅና የሚደክም የሰው እግር ነው።