ልዕልቲቱ ነርስ እና አሥሩ አዋላጆች

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ብቅ ካላችሁ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጎራ በሉ። ከአርበኞቹ መቃብር መካከል የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር ታገኛላችሁ፦ ሲልቪያ ፓንክረስት። አዲስ አበባ ውስጥ ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ በመስቀል ዕለት። (የታሪክ ተመራማሪው ልጃቸው ሪቻርድም እዚሁ ሥላሴ ነው የተቀበሩት።) ስለ ፀረ ፋሺስት ትግላቸው ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ግን እዚህ መቃብር አጠገብ ስቆም የሚመጣብኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የጤና ተማሪን ጎበዝ የሚያደርገው የራሱ ፍላጎት ነው ወይስ የሚያስተምረው ሰው?

ነገሩ የሚጀምረው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ሲረጭ ልዕልቲቱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበሩ። ቤተሰቡ እንግሊዝ ሲሰደድ እሳቸው ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ለመማር ገቡ። የንጉሥ ልጅ ሆኖ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ፍላጎት ከተባለ ይሄ ነው።

ግን ፍላጎት ብቻውን መርፌ መውጋት አያስተምርም። የዚያን ጊዜዋ የእንግሊዝ ነርስ ተማሪ ሙያውን በአብዛኛው የምትለምደው እዚያው ታማሚው አልጋ አጠገብ፣ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ እያየቻትና እያረመቻት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ የመንግሥት ፈተና አለ። ልዕልት ፀሐይ በነሐሴ 1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። እኛ አገር የነርስ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት ከነጻነት በኋላ ስለሆነ፣ ያኔ አዲስ አበባ ያለች እኩያቸው የቱንም ያህል ብትጓጓ ይህን ዕድል አታገኝም ነበር።

ከስደት ሲመለሱ ደሴ ሆስፒታል ሠሩ፤ አግብተውም ወደ ወለጋ ሄዱ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነቀምት ላይ አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር።

ሲልቪያ ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ አሰባሰቡ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል ያ ነው። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ከአውስትራሊያ ወደዚሁ ሆስፒታል የመጡት የአዋላጅ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ትምህርት ቤቱ 10 አዋላጆች ብቻ አሠልጥኖ ተዘጋ። አሥር! በሩ ከተዘጋ የተማሪ ጉጉት ምን ሊሠራ ይችላል?

ባልና ሚስቱ ግን አልሄዱም፤ ምጥ ጠንቶባቸው ለፊስቱላ የተዳረጉ እናቶችን ሲያክሙ ኖሩ። የሃምሊን አዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው። ኮሌጁ ተማሪዎቹን የሚመለምለው ከገጠር ነው፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ በሆነበት ምጥ ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። ማዋለዱን ይማራሉ፤ ሲመረቁም እዚያው ገጠር ተመልሰው ያዋልዳሉ።