በሰላም ያረፈው አውሮፕላን ወንጀል

አንድ አውሮፕላን በሰላም ተነሥቶ በሰላም ካረፈ፣ መንገደኞቹም አንዳች ሳይሆኑ ወደየቤታቸው ከገቡ፣ አብራሪውን ወደ ወኅኒ የሚያወርደው ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? ይህ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመታት በፊት በአሜሪካ ችሎት ቀርቦ መልስ አግኝቷል። መልሱ የብዙዎች ሕይወት በእጁ የተቀመጠለትን ሰው ሁሉ የሚመለከት ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 1990 የኖርዝዌስት አየር መንገድ ቦይንግ 727 አውሮፕላን 91 መንገደኞችን ይዞ ከፋርጎ ወደ ሚኒያፖሊስ በረረ። ካፒቴኑ፣ ረዳቱና የበረራ መሐንዲሱ በዋዜማው ከወንዙ ማዶ በምትገኘው በሙርሄድ መጠጥ ቤት አምሽተው ነበር። ደንቡ ከበረራ በፊት ባሉት 8 ሰዓታት መጠጣትን ይከለክላል፤ በደም ውስጥ ያለው አልኮልም 0.04 በመቶ እንዳይደርስ ያዝዛል። ካፒቴን ላይል ፕራውስ ካረፈ በኋላ ሲመረመር 0.13 ተገኘበት።

እኔን ዘወትር የሚያስደነግጠኝ ሌላው ነገር ነው። መጠጥ ቤት ያያቸው ሰው አስቀድሞ ጠቁሞ ነበር፤ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪም ማለዳ ሄዶ አነጋግሯቸዋል። ነገር ግን ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለመጠየቅ ስልክ ሊደውል ዘወር ባለበት አውሮፕላኑ ተነሣ። ዜጋው ግዴታውን ተወጣ፤ መንግሥት ግን አመነታ።

ሦስቱም የተከሰሱት የሕዝብ ማመላለሻን ሰክሮ መንዳት የፌዴራል ወንጀል ባደረገው የ1986 ሕግ ነው፤ በዚህ ሕግ የተፈረደባቸው የመጀመሪያዎቹ የአየር መንገድ አብራሪዎችም ሆኑ። የካፒቴኑ ጠበቃ፣ ደንበኛው መጠጥ የለመደ በመሆኑ ችሎታው አልተዛባም ሲል ተከራከረ። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ካፒቴኑ 16 ወር፣ ባልደረቦቹ 12 ወር ተፈረደባቸው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለ? ሕጉም አደጋው እስኪደርስ አልጠበቀም።

በ2002 ደግሞ ሁለት የአሜሪካ ዌስት አብራሪዎች ከማያሚ ሊነሡ ሲሉ እንዲመለሱ ተደርጎ ተያዙ። የፍሎሪዳ ግዛት ሊዳኘን አይችልም ብለው እስከ ይግባኝ ድረስ ቢሟገቱም አልተሳካላቸውም፤ በ2005 አንዱ 5 ዓመት፣ ሌላው ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው። አውሮፕላኑ ከመሬት ሳይነሣ የተሰጠው ቅጣት፣ በርሮ ካረፈው የበለጠ ከበደ።

የፕራውስ ታሪክ ግን በእስር ቤት አላበቃም። መጠጥ ተወ፤ የተነጠቀውን ፈቃድ ከታች ጀምሮ ተምሮ መልሶ አገኘ፤ ያባረረው አየር መንገድም መልሶ ቀጠረው። በቦይንግ 747 ካፒቴንነት ጡረታ ወጣ፤ ጥር 2001 ደግሞ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይቅርታ አደረጉለት።

አንዳንዶች ይህን ይቅርታ የሕግ መላላት አድርገው ያዩታል። እኔ አልስማማም። ምሕረቱ ክብር ያገኘው ከፍርዱ በኋላ ስለመጣ፣ የተማረውም ሰው ጥፋቱን አምኖ ዋጋውን ስለከፈለ ነው። ፍርድን የዘለለ ይቅርታ ከቸልተኝነት በምን ይለያል?

ውድ አንባቢ፣ መሪውን የጨበጠ ሁሉ «እስካሁን የደረሰ ጉዳት የለም» ሲለን፣ ከኋላ የተቀመጥነው መንገደኞች በዚህ መልስ ልንረካ ይገባን ይሆን?