ከዘመቻ ወደ ሽርሽር፦ በሂማላያ የተመራ የእግር ጉዞ አጀማመር

በሂማላያ ተራሮች በመንገድ መሪ የሚደረገው የእረፍት ጊዜ የእግር ጉዞ ዛሬ ከኔፓል ዋና ዋና የገቢ ምንጮች አንዱ ሆኖ ቢቆጠርም፣ አደረጃጀቱን ቀረብ ብሎ ያጤነ ሰው ሥራው ንግድ ከመሆኑ በፊት የዘመቻ ሥርዓት እንደ ነበር ለመገንዘብ አይቸገርም። ድንኳን ተካዩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጓዝ ተሸካሚውና የእነዚህ ሁሉ አለቃ የሆነው ሲርዳር፣ ማለትም ተሸካሚዎችን የሚቀጥር፣ የሚያዝና ደመወዛቸውን የሚከፍል የጓዝ አዛዥ፣ ቱሪዝም የፈጠራቸው ሳይሆኑ ብሪታንያውያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኤቨረስትን ለመውጣት ካሰናዷቸው ዘመቻዎች የተወረሱ ናቸው። ይህ ሥርዓት ከወታደር እጅ ወጥቶ እንዴት ወደ ሽርሽር ተጓዡ፣ ቀስ በቀስም ወደ ተራራው ነዋሪዎች እንደ ተሸጋገረ መከታተል የአካባቢውን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ለመረዳት ጥሩ መንገድ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሼርፓዎች ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ከምሥራቅ ቲቤት ተነሥተው በኤቨረስት ደቡባዊ ግርጌ በሚገኘው በኩምቡና በአካባቢው የሰፈሩ፣ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ፣ ያክ የተባለውን ጠጉራም የደጋ ከብት የሚያረቡና ከቲቤት ጋር በንግድ የተሳሰሩ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ናቸው። ከተራራ ወጪዎች ጋር ያገናኛቸው ግን አገራቸው ሳይሆን እንጀራ ፍለጋ የሄዱባት፣ በብሪታንያ ሕንድ ውስጥ የነበረችው የዳርጂሊንግ ከተማ ናት፤ በዚያ የጉልበት ሥራ ይፈልጉ የነበሩ ሼርፓዎች በ1921፣ በ1922 እና በ1924 በቲቤት በኩል ወደ ኤቨረስት ለተደረጉት ጉዞዎች ተቀጠሩ። በ1922ቱ ጉዞ የወረደ የበረዶ ናዳ ሰባት ተሸካሚዎችን ሲገድል ከአውሮፓውያኑ አባላት አንድም ሰው አልሞተም፤ በተራራው ላይ አደጋ በማን ትከሻ እንደሚወድቅ ገና ከመነሻው የታየበት አጋጣሚ ነበር። በ1928 የተቋቋመው የሂማላያ ክበብም ሼርፓዎቹን በስም እየመዘገበ፣ ማን ከየትኛው ጉዞ ጋር እንደ ሄደና ምን ዓይነት አገልግሎት እንደ ሰጠ በማስፈር፣ ላቅ ያለ ከፍታ ላይ ሸክም ላደረሱት ደግሞ «ነብር» የሚል የክብር ማዕረግ በመስጠት፣ የቀን ሠራተኛውን ወደ ሙያተኛ ለወጠው።

ኔፓል ራሷ በዚህ ጊዜ ሁሉ ዝግ ነበረች። ከ1846 ጀምሮ አገሪቱን የገዛው የራና ቤተሰብ የውጭ ሰው እንዳይገባ በሩን ዘግቶ ስለ ነበር፣ በደቡብ በኩል ወደ ኤቨረስት ግርጌ በእግራቸው የደረሱት የመጀመሪያዎቹ ምዕራባውያን፣ እንግሊዛዊው ቢል ቲልማንና አሜሪካውያን ባልንጀሮቹ፣ ይህን ያደረጉት አገዛዙ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1950 ነው። በዚያው ዓመት ፈረንሳውያን አናፑርናን ወጡ፣ በግንቦት 1953 ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ ኤቨረስት አናት ላይ ቆሙ፣ በ1955 ደግሞ በቶማስ ኩክ ድርጅት በኩል የመጡ ጎብኚዎች ካትማንዱ ገቡ፤ እነዚህኞቹ ግን ከሸለቆው ቤተ መቅደሶች አልፈው ወደ ተራራው አልዘለቁም።

ተራራውን ለተራው ጎብኚ የከፈተው ጄምስ ሮበርትስ፣ በቅጽል ስሙ ጂሚ ሮበርትስ የተባለ የብሪታንያ መኮንን ነው። በ1916 በሕንድ የተወለደው ሮበርትስ፣ ብሪታንያ ከኔፓል ኮረብታዎች በምትመለምላቸው የጉርካ ወታደሮች ክፍል ውስጥ ያገለገለ፣ ቋንቋቸውንም የሚናገር ሰው ነበር። በ1953ቱ ዘመቻ የተሰጠው ተግባር የኦክስጅን ጠርሙሶቹን ጭኖ ዋናውን ቡድን ተከትሎ ማድረስ ብቻ ነበር፤ ይህን ከፈጸመ በኋላ ግን ወደ ካትማንዱ ከመመለስ ይልቅ ከሼርፓው ከሴን ቴንዚንግ ጋር ከኤቨረስት በስተ ደቡብ ወዳሉት ሸለቆዎች ዘልቆ፣ ኤቨረስት ከመወጣቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ዛሬ በአስጎብኚ ድርጅቶች ዝርዝር ውስጥ የማይጠፋውን የሜራን ተራራ ወጣ። የዓለም ዓይን ሁሉ ኤቨረስት ላይ ባረፈበት ወር ጓዝ አድራሹ መኮንን በጎን እየተዘዋወረ የኋላ ዘመን ገበያውን ሲያጠና ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ሮበርትስ በ1958 በካትማንዱ የብሪታንያ ኤምባሲ የመጀመሪያው ወታደራዊ አታሼ ሆነ፤ ከጦር ሠራዊቱ ከተሰናበተ በኋላም በ1964 ማውንቴን ትራቭል የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሐሳቡ በራሱ ቀላል ነበር። በትልልቆቹ ዘመቻዎች ተራራው ሥር እስኪደረስ ድረስ ለሳምንታት በመንደርና በጫካ መካከል የሚደረገው የመግቢያ ጉዞ ብዙዎቹ አባላት በደስታ የሚያስታውሱት ክፍል ነበር፤ ስለዚህ የተራራውን ጫፍ ትቶ ይህን የመግቢያ ጉዞ ብቻ መሸጥ ይቻላል ማለት ነው። በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ በ1965 መጀመሪያም ሦስት አሜሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያ ደንበኞቹ ሆነው ወደ ኤቨረስት አቅጣጫ ተጓዙ። ተራራ ወጪ ያልሆነ ሰው፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ የተሟላ ዘመቻ ለራሱ ሲታዘዝለት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የዕለቱ ሥርዓት ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት የውርሱን ምንነት በይበልጥ ያሳያል። ጎሕ ሲቀድ የወጥ ቤት ረዳት ድንኳኑን ከፍቶ ወተት የተጨመረበት ትኩስ ሻይ፣ ቀጥሎም ለፊትና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ሙቅ ውሃ በሳህን ያቀርባል፤ ተጓዡ ቁርሱን ሲበላ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ ጓዙ በተሸካሚዎች መካከል ተከፋፍሎ ያልቃል። ወጥ ቤቱና ረዳቶቹ ድስትና ጋዛቸውን ይዘው ተጓዡን በመንገድ ያልፉትና ምሳ ሠርተው ይጠብቁታል፤ ወደ ማታም አዲሱ ሰፈር ላይ የመመገቢያው ድንኳንና የመጸዳጃው ድንኳን ተተክለው ይቆያሉ። ተጓዡ የሚሸከመው ካሜራውን፣ የውሃ ኮዳውንና የዝናብ ልብሱን ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የብሪታንያ መኮንን በዘመቻ ላይ ያገኘው የነበረ አገልግሎት ነው፤ አሁን የተለወጠው ተገልጋዩ ማዕረግ የሌለው፣ ሂሳብ ከፋይ ሰው መሆኑ ነው።

ጉዞውን ለብዙኃኑ ያቀረበው ግን የሮበርትስ ድርጅት ሳይሆን ለሌላ ዓላማ የተሠራ አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከኤቨረስት በኋላ ለሼርፓዎች ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በመሥራት የተጠመደው ሂላሪ፣ በ1961 የኩምጁንግን ትምህርት ቤት ካስከፈተ በኋላ፣ ለኩንዴ ሐኪም ቤት የሚያስፈልገውን ዕቃ ለማድረስ በ1964 ሉክላ በተባለች መንደር፣ 2,860 ሜትር ከፍታ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ አሠራ። አዲሱ ሜዳ አፈሩ ልል ሆኖ ስላስቸገረ፣ መሬት በመርገጥ የሚታወቀውን ጭፈራቸውን ሼርፓዎቹ እየጨፈሩ እንዲጠቀጥቁት እንዳደረገ ይነገራል። ቀድሞ ከካትማንዱ አካባቢ ተነሥቶ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅ የነበረው የእግር መንገድ ወደ ግማሽ ሰዓት ያህል በረራ አጠረ፤ ሂላሪም ያሰበው የሐኪም ቤት ቆርቆሮ ማድረሻ፣ የደን መራቆትና የቆሻሻ ክምችት ይዞበት የመጣ የጎብኚዎች መግቢያ በር ሆኖ ሲያገኘው ቅር እንዳለው አልደበቀም። አካባቢው በ1976 የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፣ በ1979ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

በረራው ያስከተለው ሌላው መዘዝ የጤና ነው። የመሬት ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ 5,364 ሜትር ላይ በሚገኘው የኤቨረስት መነሻ ሰፈር የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ግማሹን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይመነምናል። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት ውስጥ ነው፤ ጊዜ ካልተሰጠው በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽና በእንቅልፍ ማጣት የሚጀምረው የከፍታ ሕመም ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጎል ውሃ መቋጠር ተሸጋግሮ ሊገድል ይችላል። ከዝቅታው ተነሥቶ ለሳምንታት በእግሩ የወጣው የድሮ ተጓዥ ሳያውቀው ይለማመድ ነበር፤ በአውሮፕላን ሉክላ የወረደው ግን በሁለት ቀን ናምቼ ባዛር፣ 3,440 ሜትር ላይ ይገኛል። በ1973 የተቋቋመው የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር በፌሪቼ መንደር፣ ከ4,200 ሜትር በላይ፣ የሕክምና ጣቢያ የከፈተው በዚህ ምክንያት ነበር። በዚያ ያገለግል የነበረው አሜሪካዊ ሐኪም ፒተር ሃኬት ከባልደረባው ጋር በ1976 ባሳተመው ጥናት፣ ከተመረመሩት 278 ተጓዦች ከግማሽ የሚበልጡት፣ ማለትም 53 በመቶው፣ የከፍታ ሕመም ምልክት እንደ ታየባቸውና በሉክላ በኩል በአውሮፕላን የገቡት በእግራቸው ከመጡት ይልቅ በብዛት እንደ ተጠቁ አመለከተ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ተጨማሪ ሌሊት በዚያው ከፍታ እንዲታደር የሚመክረው ደንብ የጉዞዎቹን መርሐ ግብር የቀረጸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው መንገድ መሪ በናምቼና ከዚያ በላይ ባለችው በዲንግቦቼ መንደር አንድ አንድ ቀን ሳያሳርፍ አያልፍም።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። የቲቤትንና የአንዲስ ተራሮችን ነዋሪዎች ሲያጠኑ የቆዩት አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በምትገኘው በአምባራስ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው፣ ደማቸው ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን መጠን ከቆላ ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ አገኙት። የአንዲስ ሰው ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል፤ የቲቤት ሰው ሄሞግሎቢኑ ሳይጨምር ባነሰ ኦክስጅን ይኖራል፤ የሰሜኑ ደገኛ ግን ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መልክ ሆኖ ተገኘ። የሰሜኑን ደገኛ የሼርፓዎች የዘር ግንድ ከሆኑት ከቲቤታውያን ጋር የሚያነጻጽር ጥናት በገዛ ደጋችን መደረጉ እምብዛም አይነገርም።

ከ1970ዎቹ ወዲህ የሥርዓቱ ባለቤትነት ቀስ በቀስ እጅ ቀየረ። በውጭ አገር ሰዎች ሥር ሲርዳር ሆነው የሠሩ ሼርፓዎች የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ፣ ሚስቶቻቸውና እኅቶቻቸው ደግሞ መኖሪያ ቤታቸውን ወደ ማረፊያነት ለወጡ፤ ዳል ባት የሚባለውን የምስር ወጥና ሩዝ በልቶ፣ በያክ ኩበት የሚነድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ፣ በጣውላ በተከፋፈለ ክፍል ማደር የድንኳኑን ሰፈር በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ ተካው። ወጥ ቤቱና የመመገቢያው ድንኳን ሲቀሩ የሥርዓቱ ወጪ ስለ ቀነሰ፣ በ2010ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከ50 ሺህ የሚበልጥ ጎብኚ ወደ ሳጋርማታ ፓርክ ይገባ ጀመር። በአናፑርና ደግሞ በ1986 የተጀመረው የጥበቃ ፕሮጀክት፣ የመግቢያው ክፍያ ወደ መንግሥት ካዝና ከመግባት ይልቅ ለአካባቢው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ደን እንዲውል በማድረጉ፣ ከኩምቡ ይልቅ የተሻለ ምሳሌ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሼርፓው ከተሸካሚነት ወደ አለቃነትና ወደ ባለ ሆቴልነት ሲወጣ፣ ሸክሙ ራሱ አልጠፋም፤ ከዝቅተኛው ኮረብታ ወደሚመጡት ራይ፣ ታማንግና ማጋር ወደ ተባሉት ሕዝቦች ተላለፈ። ተሸካሚው ዶኮ በተባለ የቀርከሃ ቅርጫት የሞላውን ጭነት ናምሎ በተባለ ሰፊ ጠፍር ከግንባሩ በላይ አንግቶ ይሸከማል፤ ቶክማ የተባለችው አጭር ባለ መስቀል ዱላ ደግሞ ሲቆም ከኋላው ቅርጫቱን የሚያሳርፍባት ድጋፍ ናት። በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ወደ ናምቼ ገበያ ሸቀጥ የሚያመላልሱ ወንዶች በአማካይ የራሳቸውን ክብደት 90 በመቶ ያህል ተሸክመው እንደሚጓዙና ዳገት ላይ ጥቂት ሰኮንድ ተራምደው ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ እያረፉ ጉልበታቸውን እንደሚቆጥቡ አሳይቷል። የቱሪስት ጓዝ ተሸካሚው ጭነቱ ከዚህ ቢቀልም፣ የዝቅተኛው ኮረብታ ተወላጅ ስለሆነ በከፍታ ሕመም የሚጠቃው እንደ ተጓዡ ነው፤ ይሁንና ተጓዡ የላባ ጃኬት ለብሶ ሲያልፍ እርሱ በቀጭን ሹራብ የሚያልፍበት ዘመን ረጅም ነበር። በ1997 የአንድ ተሸካሚ ሞት ምክንያት ሆኖ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የተሸካሚዎች ጥበቃ ቡድን 30 ኪሎ ግራም ጣሪያ እንዲሆን፣ ልብስ፣ መጠለያና የሕክምና መድን እንዲሰጥ ለዓመታት የጎተጎተው ለዚህ ነው።

በጥቅምት 2014 በአናፑርና ዙሪያ፣ 5,416 ሜትር ከፍታ ባለው በቶሮንግ በር አካባቢ ድንገት የወረደው የበረዶ ማዕበል ከ40 የሚበልጡ ተጓዦችንና ኔፓላውያንን ገደለ፤ በሚያዝያ 2015 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ ያስነሣው ናዳ የላንግታንግን መንደር ሙሉ በሙሉ ቀበረ። መንግሥት እነዚህን ከመሰሉ አደጋዎችና ብቻቸውን ሄደው ከሚጠፉ ተጓዦች ጋር አያይዞ፣ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ አገር ተጓዥ ፈቃድ ያለው መንገድ መሪ እንዲይዝ አዘዘ። ሆኖም የኩምቡ የወረዳ አስተዳደር፣ ቀደም ሲል የራሱን የመግቢያ ክፍያ ማስከፈል የጀመረው፣ ትእዛዙን በግዛቱ እንደማያስፈጽም አስታወቀ፤ በመሆኑም ሌሎች መንገዶች ላይ ግዴታ የሆነው መሪ፣ ሥርዓቱ በተወለደበት ሸለቆ ውስጥ እስካሁን በተጓዡ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው።