ቤታችሁ ሐራጅ ከመውጣቱ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ማሻ ውስጥ ሥራ ለመጀመር የቤተሰብ ቤት ካርታ ማስያዝ የተለመደ ነው። ለባጃጅ፣ ለሱቅ ወይም ለቡና ንግድ ብድር ይወሰዳል፣ ካርታው ባንክ ይገባል። ሥራው ሲቀዘቅዝ ግን የሚነካው የእናትና የአባት ቤት ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ተበዳሪውም ካርታ ያስያዘውም ያንብበው።

▪️ ባንክ ሳይከስ ቤት መሸጥ ይችላል?

አዎ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ በውሉ ከተስማማችሁ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል። በሁለተኛው ጨረታም ገዢ ካልመጣ፣ ለመጀመሪያው ጨረታ በወጣው ግምት ራሱ ሊረከበው ይችላል። ቤቱ ከዕዳው በላይ ከተሸጠ ትርፉ ለባለቤቱ ይመለሳል። ካነሰ ደግሞ ተበዳሪው ቀሪውን ዕዳ ይጠየቃል።

30 ቀን ገዢ ለመፈለግም ገንዘብ ለማሰባሰብም አጭር ነው። ምርጫ በእጃችሁ ያለው ማስጠንቀቂያው ከመምጣቱ በፊት ነው።

▪️ ምን ማድረግ ይቻላል?

1. ቀድሞ መሄድ። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተበላሸ ተብሎ ይመደባል። ከዚያ በኋላ ባንኩ ራሱም ይጨነቃል፣ ለድርድር ያለው ልብ ይጠባል። አንድ ወር እንደማትከፍሉ ካወቃችሁ ያኔውኑ ብድር ክፍሉን አናግሩ።

2. የክፍያ ጊዜ ማስተካከያ መጠየቅ። የእኛ አካባቢ ገቢ ወር ጠብቆ አይመጣም። ብር የሚገባው ቡና ሲለቀም፣ ማር ሲቆረጥ ነው። ክፍያው ከምርት ወቅት ጋር እንዲገጥም ወይም ብድሩ እንዲራዘም በጽሑፍ ጠይቁ። የሽያጭ ደረሰኝና የባንክ ስቴትመንት አያይዙ። ሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንዱ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። መራዘሙ ወለድ እንደሚጨምርም አትርሱ።

3. ገቢ መፍጠር። ሰርቪሱን ወይም በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ማከራየት ቤቱን ሊያተርፍ ይችላል። ከማከራየታችሁ በፊት ግን ውሉን አንብቡ፤ የባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ውል አለ።

4. ራስ መሸጥ። ያማል፤ ግን በባንኩ ስምምነት ገዢ አምጥቶ መሸጥ ብዙ ጊዜ ከሐራጅ የተሻለ ዋጋ ያስገኛል። ዕዳው ከሽያጩ ይከፈላል፣ እገዳው ይነሳል፣ ቀሪው ለእናንተ ነው።

5. ጨረታ ከወጣም ዝም አለማለት። የጨረታው መነሻ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ማስጠንቀቂያው በትክክል ደርሷችሁ እንደሆነ አጣሩ። ባንኩ ሕጉን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ በካሳ ይጠየቃል። ካሳ ግን ቤት አይደለም፤ እሱን ብቻ ተማምናችሁ አትቀመጡ።

▪️ ባልና ሚስት

ቤቱ የጋራ ከሆነ ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ሳያውቅ ተይዞ ከሆነ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቂያው ጊዜ የተገደበ ነው፤ እንዳወቃችሁ ወዲያው የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

▪️ ከእነዚህ ራቁ

አራጣ፦ የባንክ ዕዳ በአራጣ መክፈል እሳትን በጋዝ ማጥፋት ነው። አራጣ ማበደር በወንጀል ያስቀጣል፣ ቤታችሁን ግን አያድንም።

የይስሙላ ሽያጭ፦ «ለመተማመኛ ነው» ብሎ የቤት ሽያጭ ውል የሚያስፈርም አበዳሪ አለ። የተበደራችሁት ገንዘብ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ቤት ሸጣችኋል ይላል። እንዲህ ያለ ውል አትፈርሙ።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌላችሁ በአካባቢያችሁ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ወይም የሕግ ትምህርት ቤት ባለው ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ ካለ ጠይቁ።

ዛሬ ማታ የብድር ውሉን ከሳጥን አውጡት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ የሚቀጥለውን የክፍያ ቀን ካላንደር ላይ መዝግቡ። ለአባባና ለእማማም በሚገባቸው ቋንቋ አስረዷቸው፤ የፈረሙት እነሱ ናቸው።

ካርታ ያስያዘ ወዳጅ ካላችሁ አጋሩት።