የምግብ ድጋፍን በመደብርና በኢንተርኔት ግዢ መጠቀም

በዩናይትድ ስቴትስ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ምግብ እንዲገዙ የሚያግዘው የፌዴራል መንግሥት መርሃ ግብር በአጭር ስሙ ስናፕ ይባላል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቢለወጥም፣ ብዙ የአማርኛ ተናጋሪዎች አሁንም «ፉድ ስታምፕ» እያሉ ይጠሩታል። የመርሃ ግብሩን ደንብ የሚያወጣው የአገሪቱ የግብርና ሚኒስቴር ነው፤ ማመልከቻ የሚቀበሉት፣ ድጋፉን የሚወስኑትና ካርዱን የሚሰጡት ግን የየክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ድጋፉ የተፈቀደላቸው ቤተሰቦች በካርዱ እንዴት እንደሚገዙ፣ ምን መግዛት እንደሚችሉና ገንዘቡን ከስርቆት እንዴት እንደሚጠብቁ ያስረዳል።

ካርዱና የሚስጥር ቁጥሩ

ድጋፉ በጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። የባንክ ካርድ በሚመስል ኢ.ቢ.ቲ. በተባለ ካርድ ላይ በየወሩ ይሞላል። ገንዘቡ የሚገባበት ቀን እንደየክፍለ ግዛቱ የተለያየ ሲሆን፣ ለአንድ ቤተሰብ የተመደበው ቀን ግን በአብዛኛው በየወሩ አንድ ዓይነት ነው። ካርዱን ለመጠቀም ባለቤቱ ራሱ የሚመርጠው ባለ 4 አኃዝ የሚስጥር ቁጥር ያስፈልጋል።

በወሩ ውስጥ ያልተጠናቀቀ ገንዘብ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል። ሆኖም ለ9 ወር ያህል ጥቅም ላይ ሳይውል የቆየ ገንዘብ ይሰረዛል፤ ተመልሶም አይሰጥም። ለረጅም ጊዜ ከአገር የሚወጡ ወይም በሕመም ምክንያት ገበያ መውጣት ያልቻሉ ሰዎች ይህን ሊያስታውሱት ይገባል። በዕድሜ ወይም በጤና ምክንያት ራሳቸው መግዛት የማይችሉ ተጠቃሚዎች የሚያምኑትን ሰው በመሥሪያ ቤቱ በኩል በሕጋዊ ተወካይነት ማስመዝገብ ይችላሉ።

በአንዳንድ ቤተሰቦች ካርድ ላይ ሁለት ዓይነት ሒሳብ ይኖራል፤ አንዱ የምግብ ድጋፍ፣ ሌላው የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ነው። የካርድ ማንበቢያው ከሁለቱ አንዱን እንዲመረጥ ሲጠይቅ፣ ለምግብ ግዢ የምግቡን ሒሳብ መምረጥ ያስፈልጋል። በስሕተት የጥሬ ገንዘቡ ሒሳብ ከተመረጠ ለቤት ኪራይ ወይም ለመጓጓዣ የታሰበው ገንዘብ ለምግብ ይወጣል።

በመደብር መግዛት

ካርዱ የሚሠራው ስናፕን ለመቀበል ፈቃድ ባላቸው መደብሮች ነው። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች በአብዛኛው ይቀበላሉ። አነስተኛ የሰፈር መደብሮችን በተመለከተ ከመግዛት በፊት በመግቢያው ላይ የተለጠፈውን ምልክት ማየት ወይም ገንዘብ ተቀባዩን መጠየቅ ይበጃል። በአንድ ክፍለ ግዛት የተሰጠ ካርድ በሌሎቹም ክፍለ ግዛቶች ያገለግላል።

በአንድ ቅርጫት ውስጥ ምግብና ምግብ ያልሆነ ዕቃ ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ የአንድ ቤተሰብ ግዢ በጠቅላላው 60 ዶላር ቢሆንና ከዚህ ውስጥ 48 ዶላሩ የዶሮ፣ የሽንኩርትና የዘይት፣ 12 ዶላሩ ደግሞ የሳሙናና የሽንት ቤት ወረቀት ዋጋ ቢሆን፣ 48 ዶላሩ ከኢ.ቢ.ቲ. ካርዱ ይቆረጣል፤ ቀሪው 12 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ወይም በሌላ ካርድ ይከፈላል። በምግብ ድጋፍ በተከፈለ ምግብ ላይ የሽያጭ ግብር አይታሰብም። ከምግብ ሒሳቡ መልስ በጥሬ ገንዘብ መቀበል አይቻልም። ከእያንዳንዱ ግዢ በኋላ የሚሰጠው ደረሰኝ ቀሪውን ገንዘብ ስለሚያሳይ ማስቀመጡ ጠቃሚ ነው።

መደብሮች የስናፕ ተጠቃሚዎችን ከሌሎች ደንበኞች እኩል የማስተናገድ ግዴታ አለባቸው። ለእነርሱ ብቻ የተለየ ሰልፍ ማዘጋጀት፣ በካርዱ ለሚከፈል ምግብ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ወይም ለሌሎች የሚሰጠውን ቅናሽ መከልከል አይፈቀድም።

በድጋፉ የሚገዙና የማይገዙ ዕቃዎች

በስናፕ የሚገዙት በቤት ውስጥ ለመመገብ የሚውሉ ምግቦች ናቸው፤ እነርሱም፦

• አትክልትና ፍራፍሬ፤
• ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ፤
• ወተትና የወተት ተዋጽኦ፤
• ዳቦ፣ እህልና ዱቄት፤
• ቅመማ ቅመም፣ ዘይት፣ ቡናና ሻይ፤
• አልኮል የሌለባቸው መጠጦችና መክሰሶች፤
• ለምግብ የሚሆን ተክል የሚያበቅሉ ዘሮችና ችግኞች፤ ለምሳሌ የጎመን፣ የቃሪያና የቲማቲም።

በስናፕ የማይገዙት ደግሞ፦

• ቢራ፣ ወይንና ማንኛውም የአልኮል መጠጥ፤
• ሲጋራና ትምባሆ፤
• መድኃኒት፣ ቫይታሚንና የምግብ ማሟያ እንክብሎች፤
• በሚሸጡበት ጊዜ ትኩስ የሆኑ ምግቦች፤
• ሳሙና፣ የጽዳት ዕቃ፣ የወረቀት ውጤቶች፣ የሕፃናት ዳይፐር፣ መዋቢያና የቤት እንስሳት ምግብ።

የተወሰኑ ክፍለ ግዛቶች ከ2026 ጀምሮ እንደ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ያሉትን ከሚፈቀዱት ዝርዝር ለማስወጣት ፈቃድ አግኝተዋል። ስለዚህ በአንዱ ክፍለ ግዛት የሚገዛ ዕቃ በሌላው ላይገዛ ይችላል።

የኢትዮጵያ ምግቦችና የበዓል ግዢ

ጤፍ፣ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ማርና ቅቤ ፈቃድ ካለው መደብር እስከተገዙ ድረስ በድጋፉ ይገዛሉ። ጥሬም ሆነ የተቆላ ቡና እንዲሁ ይፈቀዳል፤ ተፈልቶ በስኒ የሚሸጥ ትኩስ ቡና ግን አይፈቀድም። ጠጅና ጠላ አልኮል ስላለባቸው፣ ዕጣን፣ ከሰልና ሻማ ደግሞ ምግብ ስላልሆኑ በካርዱ አይገዙም።

ብዙ የኢትዮጵያውያን የንግድ ቤቶች ምግብ ቤትና መደብርን በአንድ ጣሪያ ሥር ያጣምራሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ መደብሩ ፈቃድ ካለው የታሸገው እንጀራና የበርበሬው ዱቄት በካርዱ ሊገዙ ይችላሉ፤ በትሪ የሚቀርበው ትኩስ ወጥ ግን አይገዛም። እንደ ካሊፎርኒያና አሪዞና ባሉ ክፍለ ግዛቶች ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ቤት ለሌላቸው ሰዎች ተለይቶ በተዘጋጀ አሠራር መሠረት፣ በተመረጡ ምግብ ቤቶች ትኩስ ምግብ መግዛት ይቻላል።

ለበዓል በግ ለመግዛት ለሚያስቡ ቤተሰቦች ሕጉ ግልጽ ነው። በቁሙ ያለ እንስሳ በድጋፉ አይገዛም፤ ከመረከቡ በፊት የታረደ እንስሳ ሥጋ ግን ፈቃድ ካለው መደብር ሊገዛ ይችላል።

በኢንተርኔት መግዛት

በስናፕ በኢንተርኔት መግዛት በ2019 በኒው ዮርክ በሙከራ ተጀመረ፤ ዛሬ በ50ዎቹም ክፍለ ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ይሠራል። አማዞንና ዋልማርትን ጨምሮ በርካታ ሻጮች ካርዱን ይቀበላሉ። አሠራሩም የሚከተለው ነው።

1. ገዢው በመደብሩ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ላይ ይመዘገባል፤ የካርዱንም ቁጥር እንደ መክፈያ ዘዴ ያስገባል።
2. ዕቃዎቹን ይመርጣል። በስናፕ የሚገዙት በአብዛኛው ምልክት ይደረግባቸዋል።
3. ሲከፍል ከምግብ ሒሳቡ የሚቆረጠውን መጠን ያረጋግጣል፤ ከዚያም የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል።
4. ዕቃው በቤቱ እንዲደርሰው ወይም ራሱ ከመደብሩ እንዲወስድ ይመርጣል።

የማድረሻና የአገልግሎት ክፍያ እንዲሁም ጉርሻ ከምግብ ሒሳቡ አይከፈሉም። ለእነዚህ ሌላ መክፈያ ያስፈልጋል። ይህን ወጪ ለማስቀረት የሚሹ ገዢዎች ዕቃውን ራሳቸው ከመደብሩ መውሰድን ቢመርጡ ይሻላል፤ ብዙ መደብሮች ለዚህ አገልግሎት አያስከፍሉም። ዕቃው ሳይገኝ ቢቀር ወይም ቢመለስ ገንዘቡ በጥሬው አይሰጥም፤ ወደዚያው ካርድ ይመለሳል።

የገበሬዎች ገበያ

ብዙ የገበሬዎች ገበያዎች ኢ.ቢ.ቲ. ይቀበላሉ። በብዙዎቹ ዘንድ ገዢው በመረጃ ጠረጴዛው ካርዱን ያስነብብና በምትኩ ለሻጮቹ የሚሰጥ ምልክት ይቀበላል። አንዳንዶቹ አትክልትና ፍራፍሬ ለሚገዛ ተጠቃሚ ተጨማሪ ገንዘብ ስለሚያክሉ፣ ካርዱን ከማስነበብ አስቀድሞ መጠየቅ ያተርፋል።

ገንዘቡን ከስርቆት መጠበቅ

ሌቦች በመደብር የካርድ ማንበቢያ ላይ ድብቅ መሣሪያ እየገጠሙ የካርድ ቁጥርና የሚስጥር ቁጥር ይሰርቃሉ። ከዚያም የቤተሰቡ ገንዘብ በገባበት ዕለት ሙልጭ አድርገው ይወስዱታል። እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ማለትም እስከ ዲሴምበር 20 ቀን 2024 ድረስ በዚህ መንገድ የተሰረቀ ገንዘብ በፌዴራል ወጪ ይተካ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የተሰረቀውን ግን የፌዴራል መንግሥት አይተካም። በመሆኑም ጥንቃቄው በዋናነት በተጠቃሚው እጅ ነው።

• የሚስጥር ቁጥሩን በየወሩ፣ ገንዘቡ ከሚገባበት ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ መለወጥ፤ እንደ 1234 ያለ በቀላሉ የሚገመት ቁጥር አለመምረጥ።
• ቁጥሩን በሚያስገቡበት ጊዜ በሌላው እጅ መሸፈን።
• የካርድ ማንበቢያው የላላ ወይም ከሌሎቹ የተለየ መስሎ ከታየ አለመጠቀምና ለመደብሩ ማሳወቅ።
• ቀሪውን ገንዘብ ደጋግሞ ማየት። በካርዱ ጀርባ ባለው ነጻ የስልክ ቁጥር መጠየቅ ይቻላል።
• ክፍለ ግዛቱ ይህን አገልግሎት ከሰጠ፣ በማይገዙበት ጊዜ ካርዱን በመተግበሪያ መቆለፍ።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የሚስጥር ቁጥርን በስልክ ወይም በጽሑፍ መልእክት አይጠይቅም። ቁጥሩን የሚጠይቅ ማንኛውም መልእክት የማጭበርበር ሙከራ ነው።

ድጋፉን በጥሬ ገንዘብ መሸጥ፣ ወይም መደብሩ ካርዱን አስነብቦ ከፊሉን በጥሬ እንዲሰጥ መስማማት ወንጀል ነው። ድርጊቱ ከመርሃ ግብሩ ያሳግዳል፤ በፍርድ ቤትም ያስጠይቃል።

ችግር ሲያጋጥም

ካርድ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ወዲያውኑ ደውሎ ማሳገድ ያስፈልጋል። ከማሳወቁ በፊት በሌላ ሰው የወጣ ገንዘብ ስለማይመለስ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። በድጋፉ የተገዛ ምግብ በመብራት መቋረጥ፣ በቃጠሎ ወይም በጎርፍ ምክንያት ከተበላሸ፣ ቤተሰቡ በ10 ቀናት ውስጥ ለአካባቢው መሥሪያ ቤት አሳውቆ ምትክ ሊጠይቅ ይችላል።

እንግሊዝኛ በበቂ ሁኔታ የማይናገሩ ተጠቃሚዎች በመሥሪያ ቤቱም ሆነ በስልክ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላቸው። ልጆችን ለአስተርጓሚነት ማምጣት አያስፈልግም፤ ሲደውሉ ወይም ሲቀርቡ «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።