አርባው እንደ ወጣ የተደረገ ጨዋታ

ለቀብርና ለለቅሶ በተቋቋመ ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ እግር ኳስ መጻፋችን የሚያስገርማቸው አባቶችና እናቶች እንደማይጠፉ እናውቃለን። «ደግሞ ኳስና ለቅሶን ምን አገናኛቸው?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ድንኳናችንን የሚተክሉት፣ ወንበሩን የሚሸከሙት፣ ከሐዘንተኛ ጋር የሚያመሹት ልጆቻችን አብዛኞቹ የአርሰናል ወይም የሊቨርፑል ማልያ ለባሾች ናቸው። በየጠቅላላ ስብሰባውም «ሰፈር ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሳለ ኳስ የሚያሳየው ቤት ይዘጋ ወይስ ድምፁን ቀንሶ ይቀጥል» የሚለው ክርክር ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ የለም። እኛም ብዕራችንን ያነሣነው፣ ከነዚሁ ከሁለቱ ቡድኖች አንደኛው ከባድ ሐዘን ላይ ሳለ ስለ ተጫወቱት አንድ ጨዋታና በዚያች ሌሊት ደጋፊዎቻቸው ስላደረጉት ነገር ለመተረክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨዋታው 41 ቀን በፊት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989) ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍ.ኤ. ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሼፊልድ ከተማ፣ ሂልስቦሮ በሚባለው ሜዳ ተገናኙ። የሊቨርፑል ደጋፊ እንዲገባ የተሰጠው በጥቂት ጠባብ በሮች ነበርና ውጪው ተጨናነቀ። ፖሊስ መጨናነቁን አስተነፍሳለሁ ብሎ ትልቁን የመውጫ በር ሲከፍተው፣ ሕዝቡ ቀድሞውኑ ሞልቶ ወደ ነበረው መካከለኛው መቆሚያ ጎረፈ። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ተመልካቹ ሜዳ ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ ፊት ለፊቱ የብረት አጥር ይታጠርበት ነበር። የኋላው ገፋ፤ የፊተኛው መሸሻ አጣ። ጨዋታው በተጀመረ በ6ኛው ደቂቃ ቆመ። በዕለቱ 94 ሰዎች ሞቱ፤ ከአራት ቀን በኋላ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተጨምሮ 95 ሆኑ። ኳስ ለማየት እንደ ወጡ የቀሩ ናቸው እንግዲህ።

በማግሥቱ እሑድ ሊቨርፑል የሜዳውን የአንፊልድን በር ከፈተ። ሕዝቡ አበባ ይዞ እየመጣ ሣሩ ላይ ያኖር ጀመር፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የሜዳው ግማሽ አበባ ሆነ። ከመላው አገሪቱ የመጣ ሰው ለሰዓታት ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። እነሱ ዘንድ ንፍሮም ድንኳንም የለም፤ ነገር ግን ሥራው ያው የእኛው ለቅሶ መድረስ ነው። አሠልጣኙ ኬኒ ዳልግሊሽና ተጫዋቾቹ ከቀብር ቀብር ሲዞሩ ሰነበቱ። ዳልግሊሽ በአንድ ቀን አራት ቀብር ላይ የተገኘበት ጊዜ አለ። ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር ሥራው ስለሚበዛበት ለሚያጉረመርም አባል ይህን ብንነግረው ደስ ይለናል።

በከተማይቱ ውስጥ ኤቨርተን የሚባል ሌላ ቡድን አለ፤ ከሊቨርፑል ጋር እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና እንደ ቡና ነው የሚተያዩት። አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሁለቱን ሜዳዎች በሚለየው መናፈሻ ውስጥ ሰማያዊና ቀይ የአንገት ልብስ እየተቋጠረ ከኤቨርተን ሜዳ እስከ አንፊልድ ተዘረጋ። በተቃራኒው ግን ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ ገና ሬሣው ተቀብሮ ሳያልቅ፣ የሊቨርፑል ደጋፊዎች የሙታንን ኪስ አወለቁ የሚል ሐሰት በፊት ገጹ አወጣ። ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ ሟችን እንደ መሳደብ ማለት ነው። በከተማይቱ ያን ጋዜጣ የማይገዛው ሰው እስከ ዛሬ ብዙ ነው፤ አንዳንድ ሱቅም ጭራሽ አያስገባውም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ኳስ ይቀጥላል ወይ? ክርክሩ እዚያም እንደ እኛው ነበር። አንዱ ውድድሩ ይሰረዝ አለ፣ ሌላው ለሞቱት ሲባል ይቀጥል አለ። እዚህ ላይ እኛን የገረመን ማን እንደ ተጠየቀ ነው፤ የሟቾቹ ቤተሰቦች ፈቃድ ተጠየቀ፣ ቤተሰቦቹም በብዛት ቀጥሉ አሉ። ሊቨርፑል ለሁለት ሳምንት ያህል ኳስ ሳይነካ ቆይቶ መጀመሪያ ግላስጎው ሄዶ ከሴልቲክ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ። ወደ ሊጉ የተመለሰው ሚያዝያ 25 ቀን ነው፤ የገጠመውም ያንኑ ለቅሶ የደረሰውን ኤቨርተንን ነበር። ያለ ግብ ተለያዩ። ግንቦት 12 ቀን ደግሞ ኤቨርተንን 3 ለ2 አሸንፎ የኤፍ.ኤ. ዋንጫን ወሰደ።

ከአርሰናል ጋር የነበረው የሊግ ጨዋታ ቀድሞ የተያዘለት ቀን ሚያዝያ 15 ነበር። በሐዘኑ ምክንያት ተገፍቶ ግንቦት 18 ቀን 1981 ዓ.ም. ዓርብ ማታ ላይ አረፈ፤ የዓመቱም መጨረሻ ጨዋታ ሆነ። ማንም እንዲህ ብሎ ያሰበው አልነበረም። ከሞቱ ቀን ተነሥተን ብንቆጥረው አርባው መውጣቱ ነበር።

ሂሳቡን ለማያውቁ እናቶች እናስረዳ። ሊቨርፑል 76 ነጥብ፣ አርሰናል 73 ነጥብ ይዘዋል። አርሰናል ቢያሸንፍ ሦስት ነጥብ አግኝቶ እኩል ይሆናል፤ እኩል ሲሆኑ የሚታየው ያገቡት ከገባባቸው ተቀንሶ የሚቀረው፣ የግብ ክፍያ የሚባለው ነው። የሊቨርፑል 39፣ የአርሰናል 35 ነበር። አርሰናል 2 ለ0 ካሸነፈ ሁለቱም 37 ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ብዙ ያገባ ይበልጣል፣ ብዙ ያገባውም አርሰናል ነው። 1 ለ0 ቢያሸንፍ ግን ምንም አይጠቅመውም። ሊቨርፑልን በገዛ ሜዳው በሁለት ግብ መርታት በዚያን ጊዜ የሚታሰብ ነገር አልነበረም፤ ሊቨርፑል ከፈረንጆቹ ዓመት መባቻ ወዲህ ተሸንፎ አያውቅም፤ ከሦስት ቀን በፊትም ዌስት ሃምን 5 ለ1 ሸኝቶታል። አርሰናል ደግሞ የሊጉን ዋንጫ ካየ 18 ዓመቱ ነው። የአገሩ ጋዜጦችም ተስፋ የለውም ብለው ጽፈው ጨርሰዋል።

ከለንደን የሚመጡት የአርሰናል ደጋፊዎች በመንገድ መጨናነቅ ስለ ዘገዩ ጨዋታው ጥቂት ደቂቃ ተገፋ። ከሂልስቦሮ በኋላ ደጋፊ በር ላይ ተጋፍቶ ይግባ የሚል ሰው አልነበረም። ከዚያም የአርሰናል ተጫዋቾች ቢጫ ማልያቸውን ለብሰው፣ እያንዳንዳቸው እቅፍ አበባ ይዘው ገቡና ሜዳውን ዞረው ለሊቨርፑል ደጋፊዎች አደሉ። ዋንጫ ሊነጥቅ የመጣ ቡድን በቅድሚያ ለቅሶ ደረሰ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ ያለ ግብ አለቀ። በ52ኛው ደቂቃ ዊንተርበርን የመታውን ቅጣት ምት አላን ስሚዝ በግንባሩ ነክቶ አገባው። ምቱ በቀጥታ ቢገባ የማይቆጠር ዓይነት ነበርና፣ የሊቨርፑል ተጫዋቾች ስሚዝ አልነካውም ብለው ዳኛውን ከበቡት። ዳኛው ከመስመር ዳኛው ጋር ተነጋግሮ ግቡን አጸደቀ። ከዚያ በኋላ ደቂቃው ይሮጥ ጀመር። መደበኛው 90 ደቂቃ አልቆ፣ የሊቨርፑሉ ማክማሆን አንዲት ደቂቃ ብቻ ቀረች ብሎ ለጓደኞቹ በጣቱ አሳያቸው። ጆን ባርንስም ኳሷን ጥግ ወስዶ ጊዜ በመግደል ፈንታ ወደ ግብ ለመግባት ሞክሮ ተቀማ። የአርሰናሉ በረኛ ሉኪች በእጁ ወርውሮ ለዲክሰን ሰጠ፣ ዲክሰን ወደ ስሚዝ አሻገረ፣ ስሚዝም ወደ ማይክል ቶማስ። ቶማስ ሲሄድ ኳሷ የሊቨርፑሉን ተከላካይ ነክታ ተመልሳ ፊቱ ተቀመጠችለት። በረኛው ግሮቤላር ወጣ፤ ቶማስ ጠበቀ፣ እንደገናም ጠበቀ፣ ከዚያ አስቀመጣት። ሁለት ለባዶ!

በማዕዘኑ በኩል ታጉሮ የነበረው የለንደን ሰው የሆነውን መናገር ያስቸግራል። የሚያለቅሰው የትየለሌ፣ የማያውቀውን ሰው የሚያቅፈው የትየለሌ። ለንደን ውስጥ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያየው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ አርሰናል ሜዳ ጎረፈ። ይህ ግን ዋንጫ ያገኘ ሕዝብ በየትም አገር የሚያደርገው ስለ ሆነ አናበዛበትም።

ልብ የሚባለው በወዲያኛው በኩል ያለው ነው። ኮፕ የሚባለው የሊቨርፑል ደጋፊ መደብ፣ የእኛ ስታዲየም ካታንጋ ስሙን ከኮንጎ እንደ ወሰደ ሁሉ፣ ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1900 ብዙ የዚያ አካባቢ ወታደሮች ካለቁበት ከአንድ የደቡብ አፍሪካ ኮረብታ ነው። የመደቡ ስም ራሱ የሙት መታሰቢያ ነው ማለት ይቻላል። ያ ሕዝብ ዋንጫው በመጨረሻዋ ደቂቃ ከእጁ ሲወጣ አይቶ አልበተነም፤ ቆሞ ለአርሰናል ተጫዋቾች አጨበጨበ። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ደጋፊ በጠብ የታወቀ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ብራስልስ ላይ በራሳቸው በሊቨርፑል ደጋፊዎች ጥቃት ምክንያት 39 ሰዎች፣ የሚበዙት ኢጣልያውያን፣ ስለ ሞቱ የእንግሊዝ ቡድኖች በሙሉ ከአውሮጳ ውድድር ታግደው ነበር። ይህም ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

አንዳንድ ሰው ጭብጨባውን በስፖርት ጨዋነት ብቻ ያየዋል። እኛ ግን ሌላም ነገር ይታየናል። አርባ ቀን ሙሉ ልጁንና ጎረቤቱን ሲቀብር የከረመ ሕዝብ ዋንጫ ማጣት ምን ያህል እንደሚመዝን ያውቀዋል። ደግሞም ለቅሶህን የደረሰ ሰው ባለ ውለታህ ነው፤ በደስታው ቀን ዝም አትለውም። አበባው ከጨዋታው በፊት መጥቷል፣ ጭብጨባው ከጨዋታው በኋላ ተመለሰ። የእኛ ዕድር በዚህ ዓይነት ብድር የሚኖር ስለ ሆነ ነገሩ አልጠፋንም።

በነገራችን ላይ፣ ያን ሰሞን በእኛ አገር ስለዚህ ጨዋታ ያወራ ብዙ ሰው አልነበረም። ግንቦት 8 ቀን ጄኔራሎቹ የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ገና አሥር ቀኑ ነበርና የየቤቱ ጭንቀት ሌላ ነበር።

ጎሏን ያገባው ማይክል ቶማስ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ወደ ሊቨርፑል ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ1992ም በኤፍ.ኤ. ዋንጫ ፍጻሜ ለሊቨርፑል ግብ አገባ። የብረት አጥሩ እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣው የዳኛ ቴይለር ምርመራ በኋላ ከየሜዳው ተነቀለ፤ በትልልቆቹ ሜዳዎችም ሁሉም ተመልካች ተቀምጦ እንዲያይ ተደረገ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ግን እውነቱ በፍርድ እንዲነገርላቸው 27 ዓመት ደጅ ጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደ ተገደሉና ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው ተፈረደ። በመካከሉ ራሱን ስቶ ይኖር የነበረ አንድ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1993 ሞቶ 96ኛ ሆኖ ነበር። በአደጋው ተጎድቶ 32 ዓመት የኖረ ሌላ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሞት 97ኛ ተባለ።

የሊቨርፑል ማልያ ከአንገቱ በስተኋላ፣ በሁለት የእሳት ነበልባል መካከል ትንሽ ቁጥር ነበረበት። ቀድሞ 96 ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ 97 ሆነ። ከልጆቻችን አንዳንዶቹ የተጫዋች ቁጥር ይመስላቸዋል። የድንኳኑን ገመድ ሲወጥሩ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉና ያን ጊዜ ጎልቶ ይታያል፤ ከመርካቶ በተገዛው ርካሽ ማልያ ላይ እንኳ አንዳንዱ አልጎደለውም።